አዋጅና ወሬ፤ የመንግሥትና የሕዝብ ግንኙነት በምሥራቅ ጎጃም

«የሕዝብ ግንኙነት» የሚለው ቃል በአገራችን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ውስጥ ከገባ ብዙ ዘመን አይሆነውም። ሥራው ግን ከቃሉ እጅግ የቀደመ ነው። መንግሥት ሊያደርግ ያሰበውን ለሕዝቡ የሚነግርበት፥ ሕዝቡም የተሰማውን ለመንግሥቱ የሚመልስበት መንገድ በየዘመኑ ነበረ። ይህ መንገድ ቀና በሆነ ጊዜ ከባድ ሥራ እንኳ ያለ ሁከት ተፈጽሟል፤ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ቀላል መስሎ የታየው ነገር ደም አፋስሷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን መንገድ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው አገር ምሥራቅ ጎጃም ነው። የአዋበል ወረዳ ከተማ የሆነችው ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ከደጀን ይገነጠላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገር ሹምም ሆነ ጋዜጣ፥ ወታደርም ሆነ ወሬ፥ አስቀድሞ የሚደርሰው በዚህ አካባቢ ነው። ይህ አገር ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ስለ ግብር ከመንግሥት ጋራ ደጋግሞ ተጋጭቷል። የግጭቶቹን ምክንያት ሌሎች ጸሐፊዎች ከመሬት ሥሪትና ከአስተዳደር አንጻር በሰፊው መርምረውታል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መንግሥት ነገሩን ለባላገሩ እንዴት ነገረው? ባላገሩስ ከማን ሰምቶ ማንን አመነ? የሚል ነው።

ሐሳባችንንም ከመጀመሪያው ማስታወቅ ይገባናል። ነገሩን የሚቈርጠው፥ ለሕዝብ የሚናገረውና ቃሉን የሚያደርሰው ሁሉ አንድ እጅ በሆነ ጊዜ፥ የመንግሥት ድምፅ ይጐላል እንጂ አይታመንም። ድምፁ ባልታመነበት አገር የሕዝቡ እውነተኛ ጋዜጣ ወሬ ይሆናል። ይህን ከምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነጋሪትና እረኛ

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ቃል የሚሰማው በአዋጅ ነበረ። ነጋሪት ይጐሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም በገበያው መካከል ቆሞ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ የጌታውን ቃል ያሰማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፥ ቃሉ በአንድ ጊዜ በሁሉ ፊት ስለሚነገር ጌታውም ድኻውም እኩል ይሰማዋል። ሁለተኛው፥ «ላልሰማ አሰማ» የሚለው ትእዛዝ ሰሚውን ሁሉ ነጋሪ ያደርገዋል። ስለዚህ አዋጁ ከገበያ ከወጣ በኋላ በየመንደሩ የሚደርሰው በጎረቤት፥ በዘመድና በንስሐ አባት አፍ ነው። የአዋጁም ትርጉም የሚጸናው ወይም የሚለወጠው በነዚህ አፎች ነው።

የመልሱም መንገድ ፈጽሞ የታጣ አልነበረም። የተበደለ ባላገር ደጅ ይጠናል፤ ንጉሥ ወይም መስፍን ባለፈ ጊዜም «አቤት!» ብሎ ይጮኻል። ሽማግሌዎች ስለ አገሩ ይማልዳሉ። ከዚህም በላይ ሹማምንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። እረኛ የሚነጠቅ ሹመት ስለሌለው የሰማውንና ያየውን ሳይፈራ በዘፈኑ ይናገራልና፥ በርሱ አንደበት የአገሩ ልብ ይታወቃል ማለት ነው። ይህ ጥያቄ በዛሬው ቋንቋ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ብንለው ከእውነት አንርቅም። የቀድሞው ሥርዓት ፍትሕ የሞላበት ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አፍ ብቻ ሳይሆን ጆሮም እንዲኖረው ያስፈልግ እንደ ነበረ ያውቅ ነበር።

ስለ ጎጃም ደግሞ የተለየ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ይህ አገር የቅኔ አገር ነው። በቢቸና አካባቢ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ ታላላቅ የትምህርት ቦታዎች ያሉበት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ልማዱ ነው፤ ያልተማረውም በንግግርና በሙግት ይህንኑ ጠባይ ወርሶታል። እንዲህ ላለ ሰሚ ከመንግሥት የሚመጣ ቃል ሁሉ ሰም ነው። «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተናጋሪው ወርቁን ራሱ ካልፈታለት፥ ሰሚው በገዛ እጁ ይፈታዋል።

ነጋሪቱ ወረቀት በሆነ ጊዜ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንድርያስ ካቫድያስ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው «አእምሮ»፥ ከዚያም ከ1917 ዓ/ም ጀምሮ የወጣው «ብርሃንና ሰላም» የኢትዮጵያ ጋዜጣ መጀመሪያዎች ናቸው። ሁለቱም የቤተ መንግሥት ድጋፍ የነበራቸው፥ የሚነበቡትም በአብዛኛው በዋና ከተማው በሚኖሩ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ዘንድ ነበረ። ለጎጃም ባላገር እነዚህ ወረቀቶች ሩቅ ነበሩ።

ወረቀት በጎጃም ባላገር ኑሮ ውስጥ በብርቱ የገባው በጦርነት ነው። ጣሊያኖች «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ እያሳተሙ አገዛዛቸውን ሊያስወድዱ ሞክረው ነበር። በ1932 ዓ/ም መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ከደረሱ በኋላ ደግሞ፥ ጆርጅ ስቲር የተባለው እንግሊዛዊ የጋዜጣ ሰው የሚመራው ክፍል በአማርኛ የተጻፉ አዋጆችንና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣን ያዘጋጅ ጀመር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች ከአይሮፕላን ይበተኑ ነበር። በኋላም በድምፅ ማጉያ ከጣሊያን ጋራ ለተሰለፉት ወታደሮች በቋንቋቸው ጥሪ ይደረግላቸው ነበር፤ ብዙዎችም ከድተው መጡ።

የጣሊያን ወረቀትና የካርቱም ወረቀት በእትመት ጥራት ቢመዛዘኑ የጣሊያኑ የሚያንስ አልነበረም። ታዲያ በጎጃም የካርቱሙ ለምን ታመነ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣሊያን «ሰላምና ልማት አመጣሁላችሁ» ሲል ባላገሩ የሚያየው የተቃጠለ መንደር ነበር። የካርቱሙ ወረቀት ግን «ንጉሠ ነገሥታችሁ ይመጣሉ» አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ/ም ድንበሩን ተሻገሩ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቃሉን ያሳመነው ተከትሎት የመጣው ሥራ ነው። ከዚህም ጋራ በበረሃ አምስት ዓመት የተዋጉት አርበኞች ወረቀቱን ለባላገሩ እያነበቡ የሚያስረዱ የታመኑ ሰዎች ሆነው መገኘታቸው አይዘነጋም።

የ1934 ዓ/ም ትምህርት

ከድል በኋላ የመንግሥት ቃል በሥርዓት ይታተም ጀመር። «አዲስ ዘመን» ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ/ም ወጣ፤ በ1934 ዓ/ም ደግሞ የሕግ ማውጫ የሆነው «ነጋሪት ጋዜጣ» ተመሠረተ። የዚህ ጋዜጣ ስም ብዙ የሚያስተምር ነው። ነጋሪቱ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን የነጋሪት ድምፅ ማንበብ የማይችለውን ሰው ከቤቱ ጠርቶ ያወጣዋል፤ ወረቀቱ የሚጠራው የሚያነበውን ብቻ ነው። ሕግ ታትሞ ሲወጣ ሕዝብ እንዳወቀው ይቈጠራል። በዚያ ዘመን ግን ብዙው ባላገር ማንበብ የማይችል ስለ ነበረ፥ በሕግ እንዳወቀ የሚቈጠረውና በእውነት ያወቀው እጅግ የተራራቁ ነበሩ።

በዚያው በ1934 ዓ/ም የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በአንድ ጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ደነገገ። ይህ በጋሻ የሚቈጠር ሥርዓት መሬቱ በቀላድ በተለካበት በደቡብና በመካከለኛው አገር የሚገባ ነገር ነበር። በጎጃም ግን መሬት በጋሻ አልተለካም፤ ባላገሩም እንዲለካበት አልፈቀደም። ከጥቂት ዓመታት ሁከት በኋላ በ1937 ዓ/ም በወጣው አዋጅ ጎጃም፥ ቤጌምድርና ትግሬ በአዲሱ የጋሻ ስሌት ሳይሆን ከወረራው በፊት በነበረው ልክ ግብራቸውን እንዲከፍሉ ተደረገ። በ1940ዎቹም መጀመሪያ የመሬት ልኬት ነገር እንደገና ሲነሣ እንደገና ሁከት ሆነ።

ከነዚህ ዓመታት ሁለቱም ወገኖች የተማሩት ነገር ነበር። ባላገሩ የተማረው፥ በአቤቱታ ያልተሰማው ነገር በጠመንጃ ጊዜ እንደሚሰማ ነው። መንግሥት የተማረው ደግሞ ይህ ሕዝብ ግብር የማይወድ አስቸጋሪ ሕዝብ ነው የሚል ነው። «ለምን ይሆን እንዲህ የሚፈራው?» ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልጠፋም ይሆናል፤ ነገር ግን ጥያቄው ሥራ ላይ ሲውል አናይም።

የ1960 ዓ/ም ነገር

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንደርሳለን። በ1960 ዓ/ም መጀመሪያ በፓርላማ ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የአዋጁ አሳብ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አልነበረም። አስራትን አስቀርቶ እያንዳንዱ ሰው በእርሻ ገቢው መጠን እንዲከፍል፥ ብዙ የሚያገኘውም ብዙ እንዲሰጥ የሚያደርግ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ጭምር፥ ቢጠየቅ ትላልቅ ባለ መሬቶችን የሚነካ የማሻሻያ እርምጃ ነው ሊል ይችል ነበር።

በጎጃም ግን ነገሩ በሌላ ቋንቋ ተሰማ። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ርስት ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጎጃም የአንድ ሰው ርስት ከአባቶቹ በአባትም በእናትም በኩል በትውልድ የሚቈጠር መብት ነው። ግብሩም ይከፈል የነበረው በቀደመው አባት ስም በተመደበው መሬት ላይ ነው፤ ተወላጆቹ ያዋጡታል። የማን እርሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፥ ማንስ ከማን ምን ያህል እንደሚገባው፥ ሁልጊዜ በሙግትና በሽምግልና የሚታይ እንጂ በመዝገብ የታሰረ አልነበረም። በዳሞት የጎጃምን የመሬት ሥሪት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን ይህን በዝርዝር ጽፎታል። እንዲህ ባለ አገር «እርሻህ ስንት ነው? ምን ያህል ታገኝበታለህ?» ብሎ የሚጽፍ ገማች ሲመጣ፥ ገበሬው የሚሰማው ሌላ ነው። ዛሬ ገቢዬን የጻፈ ነገ መሬቴን ይለካል፤ የተለካ መሬት ደግሞ በደቡብ እንደ ሆነው ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም በአባቴ ርስት ላይ ጭሰኛ እሆናለሁ ብሎ ይደመድማል። እንግዲህ ሰሙ ገቢ ነው፤ ወርቁ ቀላድ ነው ማለት ነው።

ይህ ፍርሃት ከአዋጁ ቃል ጋራ ሲመዛዘን ትክክል ላይሆን ይችላል። አዋጁ ስለ መሬት መለካት አልደነገገም። ይሁን እንጂ ፍርሃቱን የሚያስወግድ ነገር በጊዜው የቀረበለት ሰው አልነበረም። አዋጁ የተጻፈው ገበሬው በማያነበው ወረቀት፥ በሕግ አማርኛ ነው። «አዲስ ዘመን» የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ ሳንሱር አለበት፤ የባላገሩን ክርክር በባላገሩ ቃል ያወጣል ተብሎ አይጠበቅም። ሬዲዮውም የመንግሥት ነው። በ1950ዎቹ ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ቢሆንም፥ ሥራው የመንግሥትን ቃል ማስተላለፍ እንጂ የባላገሩን ቃል ወደ መንግሥት ማምጣት አልነበረም። በጠቅላይ ግዛቱ ነገሩን ማስረዳት የሚገባቸው ደግሞ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡም በዚህ አስተዳደር ላይ ቀደም ብሎ ብዙ ቅሬታ አከማችቶ ነበር። እንግዲህ የሚያስረዳው፥ የሚገምተው፥ የሚያስከፍለውና የሚያስረው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከርሱ አፍ የወጣ ማስረጃ ማስፈራሪያ መምሰሉ አይደንቅም።

በ1960 ዓ/ም አጋማሽ ገማቾቹ ወደየወረዳው በወጡ ጊዜ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች አናስገምትም አሉ። ባላገሩ በየአካባቢው ተማክሮ መሣሪያውን ይዞ ተነሣ። ከአዲስ አበባ ነገሩን የሚያበርዱ መልእክተኞች ተላኩ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የመጡት ነገሩ ከተቈረጠ በኋላ ነው። ሊነግሩ እንጂ ሊጠይቁ የመጡ አልመሰሉም፤ ስለዚህ ሳይሰሙ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ፖሊስና ጦር ሠራዊት ዘመተ፤ አይሮፕላን ሳይቀር ተላከ፤ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ።

ፍጻሜው ምን ሆነ? ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሥተው በደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። በ1961 ዓ/ም ለብዙ ዓመታት የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መንግሥት ከብዙ ደም በኋላ የሰጠውን መልስ ከደም በፊት ቢሰጠው ኖሮ፥ የሞቱት ባልሞቱ፥ የመንግሥትም ክብር ባልተነካ ነበር። ለሕዝቡም የሰጠው ትምህርት ያው የ1934ቱ ነው፤ መንግሥት የሚሰማው ሲተኰስ ነው የሚል ነው። ይህ ትምህርት ለማንኛውም መንግሥት እጅግ አደገኛ ነው።

ስለ ወሬ

ባለሥልጣኖች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ሕዝቡን ያሳሳተው የክፉ ሰዎች ወሬ ነው» ማለት ልማዳቸው ነው። በ1960ም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህ አባባል ደጋግሞ ተሰምቷል። እኛ ግን ወሬን እንደ በሽታ ብቻ ማየት ትክክል አይመስለንም። ወሬ የሚነግሥበት ምክንያት አለው። ወሬ የሚነግረን ዘመዳችን ነው፤ ጥያቄ ብንጠይቀው ይመልስልናል፤ ብንጠራጠርም አያስረንም። ከኛ ጋራ የሚጐዳና የሚጠቀም ሰው ነው። ጋዜጣና ሬዲዮ እነዚህ ጠባዮች የሏቸውም።

በ1960 ዓ/ም በጎጃም ገጠር የማንበብ ችሎታ የነበራቸው በአብዛኛው የቤተ ክህነት ሰዎች መሆናቸውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ቄሱና ደብተራው ወረቀቱን አንብበው ለሕዝቡ የሚተረጕሙ ነበሩ። እነርሱ ራሳቸው በሰሞን መሬት የሚኖሩ ስለ ሆኑ፥ የመሬት ነገር እንደ ሌላው ገበሬ ያሰጋቸው ነበር። እንግዲህ መንግሥት አዋጁን ለማስረዳት የሚያስፈልጉትን ሰዎች አስቀድሞ ስጋታቸውን ሰምቶ ቢያረጋጋቸው ኖሮ፥ ከብዙ ቅጂ ጋዜጣ የበለጠ ሥራ በተሠራ ነበር። ይህን ሳያደርግ ስለ ቀረ፥ ተርጓሚዎቹ ሁሉ በሌላው ወገን ሆኑ።

ከውጭ አገር የሚገኝ ማስረጃ

ይህ የጎጃም ብቻ ነገር እንዳይመስል፥ የሕዝብ ግንኙነትን እንደ ሙያ ካቋቋሙት ሰዎች የአንዱን ታሪክ እንጥቀስ። አሜሪካዊው አይቪ ሊ አስቀድሞ የጋዜጣ ሰው ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 የከሰል ድንጋይ ማዕድን ባለቤቶችን በወከለ ጊዜ ለጋዜጦች አንድ መግለጫ አወጣ። ሥራዬ በስውር አይደለም፥ የምሰጠው ነገር እውነት ነው፥ የሚጠራጠር ጋዜጠኛ ቢመጣ ራሱ እንዲመረምር እረዳዋለሁ የሚል መንፈስ ያለው ነበር። እስከዚያ ድረስ ኩባንያዎቹ ለጋዜጣ በራቸውን ይዘጉ ስለ ነበር፥ ይህ አዲስ ነገር ነው።

ነገር ግን ይኸው ሰው በ1914 በኮሎራዶ፥ ሉድሎ በተባለው ስፍራ፥ በአድማ ላይ የነበሩ የማዕድን ሠራተኞችና ቤተ ሰቦቻቸው ከተገደሉ በኋላ ለሮክፌለር ወገን ያወጣቸው ጽሑፎች እውነት የጐደላቸው ሆነው ስለ ተገኙ ብርቱ ነቀፋ ደረሰበት። ችሎታው አልቀነሰም፤ የጐደለው እውነቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ወደ ሕዝብ የሚያደርሰው ጌታው የሚሠራውን ነው እንጂ፥ ጌታው ያልሠራውን በቃል ሊሠራለት እንደማይችል ነው።

ከ1967 ዓ/ም ወዲህ

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ/ም የገጠር መሬት አዋጅ በሬዲዮ ተነገረ። የዕድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎችም በየገጠሩ ስለ ነበሩ ነገሩን ለገበሬው እንዲያስረዱ ተደረገ። ይህ ከወረቀት ይልቅ ሰው መላክ ስለ ሆነ ከ1960ው የተሻለ ዘዴ ነበር። ይሁን እንጂ አዋጁ በደቡብ ጭሰኞች ዘንድ እንዳገኘው ያለ ደስታ በጎጃም አላገኘም። «መሬት ላራሹ» የተባለው መፈክር በ1957 ዓ/ም በተማሪዎች ሰልፍ ሲሰማ ለጭሰኛው የተስፋ ቃል ነበር፤ መሬቴ የራሴ ነው ብሎ ለሚያምን ባለ ርስት ግን የሚነግረው ነገር ግልጽ አልነበረም። አንድ ቃል ለሁለት ዓይነት ሰሚ አንድ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ ማሰብ በዚህ ሙያ የተለመደ ጕድለት ነው።

በ1989 ዓ/ም ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፥ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» ተብለው ተለይተው ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲቀርላቸው ተደረገ። ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ፤ በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ስለዚሁ ነገር ሰልፍ ወጥተው ብዙዎቹ ታሰሩ። ከአውራጃው አልፎ ዋና ከተማ ድረስ መምጣት ያስፈለገው፥ አቤቱታ የሚሰማበት ጆሮ በቅርብ ስላልተገኘ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ ግን የተለየ ነገር እናያለን። በ1992 ዓ/ም የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ ከወጣ በኋላ፥ ከ1995 ዓ/ም ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ተጀመረ። ሥራው ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ነው። በዚህ ጊዜ የሚለካው ከገበሬዎቹ መካከል ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጡት ኮሚቴ ነበር። ብዙ ጊዜ የለካውም በገመድ ነው። ልኩ ከተጻፈ በኋላ በሕዝብ ፊት ይነበብና ቅሬታ ያለው እንዲናገር ይጠየቃል። በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ሁለቱም ስም ይጻፋል። እንግዲህ አያቶቹ «ገመድ በመሬቴ ላይ አይዘረጋም» ብለው ጠመንጃ ባነሡበት አገር፥ የልጅ ልጆቹ ገመዱን ራሳቸው ይዘው ዘረጉ።

ምናልባት «ይህ ልዩነት ከንግግር የመጣ አይደለም፤ የ1960ው አዋጅ የሚወስድ ነው፤ የደብተሩ ሥራ ግን የሚሰጥ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የኛንም አሳብ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሕዝብ የሚሰማው የሥራውን ቃል ነውና። ይሁን እንጂ የሚሰጥ ነገር እንኳ በስውር ቢደረግ ኖሮ ይፈራ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ከሽግሽጉ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈጠር «መሬትህን ልለካ መጣሁ» ማለት ቀላል አልነበረም። ፍርሃቱን ያበረደው፥ ለካኙ የታወቀ ጎረቤት መሆኑ፥ ልኩም በአደባባይ መነበቡ፥ ቅሬታም ቦታ ማግኘቱ ነው። ይህም በሌላ አነጋገር ጥንታዊው ገበያና ጥንታዊው ሽምግልና በአዲስ ሥራ ላይ ዋሉ ማለት ነው።

ስለ ዛሬው ሁኔታ

ከ1960 ዓ/ም ወዲህ የማስተላለፊያው መሣሪያ እጅግ በዝቷል። የማስታወቂያ ሚኒስቴር በ2001 ዓ/ም በመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተተካ፤ ያም በኋላ ሌላ ቅርጽ ያዘ። ክልሉ ከ1987 ዓ/ም ጀምሮ «በኵር» የተባለ ጋዜጣ፥ ከዚያም ሬዲዮና ቴሌቪዥን አቋቋመ። የኮሙኒኬሽን ሥራ እስከ ወረዳ ድረስ ወርዷል። የ1960ው ገበሬ ያላገኘውን ወሬ ዛሬ ልጁ በእጅ ስልኩ ያገኛል።

ግን መሣሪያው ሲበዛ ጥያቄው አልተለወጠም። የወረዳ ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ደመወዙን የሚከፍለው፥ የሚሾመውና የሚሽረው አስተዳደሩ ነው። ሕዝቡ የሚያማርርበትን ነገር ጽፎ ወደ ላይ ቢያቀርብ ይመሰገናል ወይስ ይነቀፋል? ሥራውስ የሚመዘነው ባሰራጨው ዜና ብዛት ነው ወይስ ባመጣው የሕዝብ ቃል? መልሱ «በዜናው ብዛት» ከሆነ፥ ከ1950ዎቹ የማስታወቂያ ሥራ የተለየ ነገር አላደረግንም። ከ2015 ዓ/ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ጊዜ የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። መንገዱ ሲቈረጥ ወሬ እንደማይቈረጥ፥ እንዲያውም ብቻውን እንደሚነግሥ የ1960 ዓ/ም ታሪክ አስቀድሞ አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን መደምደም እንችላለን። አንደኛ፥ ሕዝብን የሚነካ ነገር ከመቈረጡ በፊት መጠየቅ፥ ከተቈረጠ በኋላ ከማስረዳት እጅግ ይረክሳል፤ በገንዘብም በደምም። ሁለተኛ፥ የሚያስረዳው ሰው የሚያስከፍለውና የሚቀጣው ሰው መሆን የለበትም፤ ጋዜጣም ለመንግሥት አፍ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ አቤቱታ የሚሆን ገጽ ከሌለው፥ መንግሥትን ራሱን ዕውር ያደርገዋል። ሦስተኛ፥ በጎጃም እንዳየነው ሕዝቡ ሰም ከወርቅ የሚለይ ሰሚ ነው፤ ስለዚህ ወርቁ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ከሁሉ የሚበልጥ ብልሃት ነው።

ከሉማሜ እስከ ሞጣ ባለው አገር ወደፊትም ብዙ ነገር ይታወጃል፤ ስለ መሬት፥ ስለ ግብር፥ ስለ ማዳበሪያ፥ ስለ ሰላም። ነገሩን ለሕዝብ ለማድረስ የሚሾሙት ወጣቶች፥ ከኛ ከተማሪዎቹ መካከልም የሚወጡት፥ «አዋጁን ነገርነው ወይ?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ፥ የአባቶቻቸውን ሥርዓት አከበሩ፤ የአገራቸውንም ደም አዳኑ።